ሶፍትዌሩን ተወውና የጻፍከውን አንብብ

«ሶፍትዌሩ ተበላሽቶብኛል!»
እሱስ የጻፍክለትን አነበበ፤ አንተ አንብበኸዋል? በ5 ቮልት ላይ ያሰርካት ሬዚስተር 5,000 አምፔር ስታሳልፍ እያየህ ጣትህን ወደ ፕሮግራሙ ትቀስራለህ?

«1 ሜጋ ኦም ነው የሰጠኋት፤ አንድ ቁጥርና ትልቁ ኤም!»
የሰርኪዩት ሲሙሌተርህ ስፓይስ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ኤም ካልከው ሚሊ ነው። ሜጋ ከፈለግክ ኤም፣ ኢ፣ ጂ ብለህ ሦስቱንም ጻፍ። በፊደል ቆጥበህ በ1 ቢሊዮን እጥፍ ተሳሳትክ።

«ይህን ደንብ ደግሞ ማን አመጣው?»
ስፓይስ እ.ኤ.አ. በ1973 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ወጣ፤ ሎረንስ ናጌል በመምህሩ በዶናልድ ፔደርሰን ሥር ሆኖ የጻፈው ነው። ያኔ ሰርኪዩቱ የሚገባው በቀዳዳ ካርድ ነበር። ደንቡን ዘሮቹ ኤልቲስፓይስም ኤንጂስፓይስም ወርሰውታል። በዕድሜ ይበልጥሃልና አክብረው።

«ካፓሲተሩስ? 1 ብዬ ኤፍ ጨመርኩለት፤ ቻርጅ አልይዝ አለ።»
ኤፏን ፌምቶ ብሎ አነበባት። የሰጠኸው ከነጥብ በኋላ 14 ዜሮ ቆጥረህ የምታገኛትን 1 ነው፤ በምኑ ይያዝልህ? 1 ፋራድ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ጻፍ። ማይክሮ ከሆነ ዩ አስከትል።

«ሌላኛው ሰርኪዩት ደግሞ ገና ሳይጀምር ‹ሲንጉላር ማትሪክስ› ብሎ ቆመ።»
ግራውንድ አስገብተሃል? ዜሮ ኖድ ከሌለ ቮልቴጁን ከምን ተነስቶ ያስላው? ካለም፣ በካፓሲተሮች መካከል ብቻ የተንጠለጠለ ኖድ ፈልግ። ዲሲ መንገድ አጥቷልና በትልቅ ሬዚስተር ከግራውንድ ጋር አገናኘው። በኤም ብቻ እንዳትጽፋት አደራ!

«የመጀመሪያው ግን ምንም ኤረር አላወጣም እኮ!»
የሚያስፈራውም እሱ ነው። የሚጮህ ስህተት አንድ ሰዓት ያባክንብሃል፤ ዝም የሚለው ግን እስከ ቦርዱ ድረስ ተከትሎህ ይሄዳል።

«ነገ ማስረከብ አለብኝ፤ ይህን ሁሉ መቼ ልፈትሽ?»
ማስረከብ ስላለብህ ነው የምትፈትሸው። ኔትሊስቱን ክፈት፤ የሚሰላው እሱ ነው እንጂ ያማረው ስዕልህ አይደለም። እያንዳንዱን ዋጋ ከነፊደሉ አንብብ። ከዚያ ኦፐሬቲንግ ፖይንቱን አስልተህ አንዷን ከረንት በኦም ሕግ አረጋግጥ፤ 5 ቮልት በ1 ሜጋ ኦም 5 ማይክሮ አምፔር ነው።

«በእጄ ካሰላሁማ ሲሙሌተሩ ምን ያደርግልኛል?»
አንተ አንዷን ታሰላለህ፤ እሱ ሺውን። አንዷን ካላወቅክ ግን ሺው ሲሳሳት በምን ትይዘዋለህ?