የኮንትራት ፍቅር

«በአየርላንድ ወግ ፌብሩዋሪ 29 ቀን ሴት ልጅ ‹አግባኝ› ካለች ወንዱ እምቢ አይልም» ይላል ‹ሊፕ ዪር› የተባለው ፊልም። ይሁንላችሁ! ግን ፊልሙ ለእይታ የበቃው ጃንዋሪ 2010 ነው። 2010 ፌብሩዋሪ 29 የላትም። ወደ እኛ ቆጠራ እንዳንሸሽ ጊዜው ዘመነ ማርቆስ ነበር፤ ጳጉሜን 6 የምትመጣው በዘመነ ሉቃስ ነው። በየትኛውም ቀን መቁጠሪያ አልዳኑም።

«የቦስተኗ አና የልብ ሐኪም ፍቅረኛዋን ‹አግባኝ› ልትል ወደ ደብሊን በረረች።» አራት ዓመት አብሯት ሲኖር የሷን ልብ ማዳመጫ የጠፋበት ሐኪም! በማዕበል ምክንያት አውሮፕላኑ ዌልስ ያርፋል፤ አና በትንሽ ጀልባ ወደ ኮርክ ትሳፈራለች፤ ማዕበሉ ሲበረታ ጀልባው ዲንግል ይጥላታል። ካርታ አውጡ። ዲንግል ያለችው ከኮርክ አልፎ፣ የደሴቲቱን ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ዞሮ ነው። አዳማ መድረስ ያቃተው ሚኒባስ ድሬዳዋ አወረዳት በሉት። እኔን ቢጠይቁኝ የምታገባው ባለጀልባውን ነበር።

«ዲንግል እንግዳ አይታ የማታውቅ መንደር ናት።» ኧረ በሕግ! ፈንጊ የሚባል ዶልፊን በወደቧ ሲዋኝ ለማየት ከ1980ዎቹ እስከ 2020 ቱሪስት ሲጎርፍባት የኖረች ከተማ እኮ ናት! በፊልሙ ግን አና የስልኳን ቻርጀር ስትሰካ የመንደሩ መብራት ድርግም ይላል። (እዚህ ላይ የእኛ ሀገር ተመልካች «ይሄስ እውነተኛ ታሪክ ነው» ቢል አልፈርድበትም።)

«አና ዲንግል ላይ የምታገኘው ዴክላን የሀገሬው ልጅ ነው።» የሀገሬው ልጅ ሆኖ የሚተውነው ማቲው ጉድ እንግሊዛዊ ነው። ይሄ ነውር የለውም፤ ትወና ሥራ ነው። ግን ሰውዬው በዚያው ዓመት ለእንግሊዝ ጋዜጣ ሲናገር፣ ፊልሙን የተቀበለው ቅዳሜና እሁድ ቤቱ ለመመላለስ ስለሚቀርበው እንደሆነ፣ ብዙ ሰውም የዓመቱ መጥፎ ፊልም እንደሚለው እንደሚያውቅ ዘረገፈው። ጉድ ጉዱን ራሱ አወጣ!

«መንገድ ላይ ፍቅር ያዛቸው።» መቼ? ዴክላን ደብሊን ሊያደርሳት በ500 ዩሮ ተዋዋለ፤ ኮንትራት ታክሲ ማለት ነው። ላሞች መንገድ ዘጉ፤ እበት ረገጠች፤ መኪናዋ ተንሸራታ ውኃ ገባች፤ ከዚያ ስድብ፣ ከዚያ ደግሞ ስድብ። ስድቡ ሲያልቅባቸው ነው መሰለኝ ፍቅር የጀመሩት። እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ስለ አና ሥራዋን፣ አባቷን፣ ልትገዛ ያሰበችውን አፓርትመንት ሁሉ እናውቃለን። ስለ ዴክላንስ? ዕዳ አለበት፤ እጮኛው ከጓደኛው ጋር ሄዳለች። አለቀ። ሰውየው እሷ እስክትመጣ ቆሞ የሚጠብቅ እንጂ የራሱ ኑሮ ያለው አይመስልም። ሀገሩም እንዲሁ ነው፤ ላሙ፣ ዝናቡ፣ ተረት የሚያወሩት ሽማግሌዎች ሁሉ ለእሷ ፎቶ የተሰለፉ ናቸው። ቱሪስት በሄደበት ሁሉ እንዲህ ያለ ፊልም ይሠራል፤ ሀገሬው አንድ ጊዜ እንኳ «አንቺስ ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?» ብሎ አይጠይቅም።

«ታዲያ ምን እንይ?» ካላችሁ፣ ደብሊን ውስጥ ሀገሬውና እንግዳ ሲቀራረቡ የሚያሳየውን የ2007ቱን ‹ዋንስ› እዩ። ግሌን ሃንሳርድ እውነተኛ የደብሊን ልጅ ነው፤ ማርኬታ ኢርግሎቫም እውነተኛ ቼክ ናት፤ በ2008 ኦስካር ያገኘውን ዘፈናቸውን የጻፉትም ራሳቸው ናቸው። መንገድ የዘጋ ላም አታዩበትም።