እህል አልበላም

እህቴ ከሚኒሶታ በመጣች በማግስቱ ቁርስ ላይ ተቀምጣ «እኔ እኮ እህል አልበላም» ስትል፣ እማዬ የያዘችውን የጨጨብሳ ሳህን መልሳ አስቀመጠችና «ማን ሞተ?» አለች።

አትፈረድባትም። በእኛ ቋንቋ እህል የተወ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ሐዘን ደርሶበታል፣ ወይ ከቤቱ ተኳርፏል። «እህል ከቀመሰ ሦስት ቀኑ» ከተባለ ቀጥሎ የሚነሳው ሐኪም ወይም ጠበል ነው። እህቴ ግን ደህና ናት። የተጣላችው ከስንዴ፣ ከጤፍ፣ ከገብስና ከበቆሎ ጋር ነው፤ ጥራጥሬንም ጨምራበታለች። «ሽሮስ?» አለች እማዬ በፈራ ድምፅ። ሽሮም። ረፋድ ላይ ሁለት ጎረቤቶች «እግዜር ይማርሽ» ሊሉ መጡ።

ደግሞ ይህን የተናገረችበትን አገር እዩልኝ። አሰላ! ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ወረድ ሲሉ፣ ስንዴ እንደ ልጅ ስም እየወጣለት የሚያድግበት የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል አለ። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድኖች እርዳታ የተጀመረው ካዱ የተባለ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ የአርሲን ገበሬ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ እጁን ይዞ ያስኬደ ነው። ገብሱን ደግሞ የብቅል ፋብሪካው ደጁን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ከጭላሎ ግርጌ ጀምሮ ዓይን እስከሚደርስበት ማሳ ብቻ ነው። እዚህ መሃል ቆሞ እህል አልበላም ማለት፣ ጣና ዳር ቤት ሠርቶ ዓሣ ይሸተኛል እንደ ማለት ነው።

መላ የተገኘው ከዱባ ነው። ጥቅምት ስለነበር ክረምቱን አጥር ላይ ሲንፏቀቅ የከረመው ዱባ ደርሶ ጓዳውን ሞልቶታል። እህቴ ደስ አላት። «እኛ ጋ በዚህ ወቅት ሁሉም ነገር በዱባ ነው፤ ቡናው ሳይቀር።» እማዬ ስለ አሜሪካ ብዙ ነገር አምና ተቀብላለች፤ ይህንን ግን እስከ ዛሬ አላመነችም።

የዱባ ዳቦ እንጋግር ተባለና ጋጋሪው እኔ ሆንኩ። ሻንጣ ውስጥ የመጣው የአልሞንድ ዱቄት ለአንድ ዳቦ ስላልበቃ «በተልባ እንሙላው» አልኩ። እማዬ ከጓዳ ሰማችን። «ተልባ የቅባት እህል አይደለም እንዴ?» ጉድ ፈላ! እህቴ ትንሽ አሰበችና «እንግሊዝኛው ዘር ነው የሚለው» ብላ ፈረደች። ተልባ በትርጉም ዳነ።

ረቡዕ ጠዋት ዱባውን ቀቅዬ፣ ፈጭቼ፣ በጨርቅ ጨመቅሁት። አራት እንቁላል መታሁ፤ ቀረፋና ኮረሪማ ነሰነስኩ፤ ቤኪንግ ፓውደሩን በልግስና ጨመርኩ። ልግስናው ነው ጉድ የሠራኝ። አሰላ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃው እንኳ መቶ ሳይሞላ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጥ ውስጥ ያለው ጋዝ ያለቅጥ ይነፋል። የስንዴ ሊጥ ይህን ይችለዋል፤ የሚለጠጥ ነውና አየሩን አቅፎ ይይዘዋል። ዱባ ግን ምን ክንድ አለውና ያቅፋል? በ20ኛው ደቂቃ ዳቦዬ ከቆርቆሮው አፍ በላይ ወጣ። እህቴ ፎቶ አነሳችው። በ30ኛው ደቂቃ መሃሉ ቁልቁል ሄደ፤ ልክ ከአሰላ ወደ ዝዋይ ሲያዩት ስምጥ ሸለቆው እንደሚወርደው። ቢላ ስሰድበት ብርቱካንማ ጭቃ ለብሶ፣ የተልባ ልጋግ እየጎተተ ወጣ። ጠርዙ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ማር ማር ይላል። ጠርዙን ብቻ መጋገር ቢቻል ኖሮ ዛሬ ሱቅ ከፍቼ ነበር።

እማዬ ቀና ብላ አየችው። «ወጡስ ያምራል፤ እንጀራው የታለ?» እንቁላል ስላለበት ቅመሺ ማለት አልቻልንም። ረቡዕን እንደዚያን ዕለት ወዳው አታውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ማንንም ሳታማክር ከገበያ ቡላ አስመጣች። እንሰቱ ተፍቆ ሲጨመቅ ከሚወጣው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ነው ቡላ፤ ኮፈሌ አካባቢ ያሉ እናቶች ሲሠሩት የኖሩት። ገንፎ አድርጋ አገነፋችው፤ መሃሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርጋ ቅቤና በርበሬ ሞላችበት። መስታወት ይመስላል፤ ጣት ቢነኩት ይንቀጠቀጣል። ለካ ሚሊዮኖች እህል የሌለበትን ዳቦና ገንፎ ሲበሉ ኖረዋል፤ እኛ ስንዴ አምላኪዎቹ ግን ድፎ ዳቧችንን በኮባ ጠቅልለን እየጋገርን፣ ቅጠሉን አውቀን ግንዱን ረስተነዋል።

ለጥቅምት አንድ አጥንት በሚባልበት ብርድ እህቴ ጋቢ ተከናንባ አንድ ሳህን ጨረሰች። ሁለተኛውን ጠየቀች። ሳህኑን በጣቷ ስትጠርግ እማዬ ስልኳን አንስታ ወደ በረንዳ ወጣች። ድምፅዋ እስከ ውስጥ ይሰማል።

«ተመስገን ነው እትዬ! ዛሬ እህል ቀመሰች!»