ባለቅኔው ሞተረኛ

አዲስ አበባ ውስጥ የእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ጠባይ የታወቀ ነው። ለሚኒባስ ታክሲ እጅ የተዘረጋበት ቦታ ሁሉ ፌርማታ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ከኋላው ተጠግቶ አይነዳም። ሲኖትራክ ቅድሚያ አይሰጥም፤ እንደማይሰጥ ስለሚታወቅ ሁሉም ለእሱ ይለቃል። ባጃጅም ቢሆን በሦስት ጎማው እስከ የት እንደሚዳፈር ለምደነዋል። ሐሳቡን ለማንም የማያስነብብ፣ ምሥጢሩን ይዞ የሚጓዝ አንድ ጀግና ብቻ ቀርቶናል፤ እሱም ሞተረኛው ነው። እኔም በሞተር የምሠራ ሰው ነኝና ባልደረባዬን በወጉ ሳላመሰግነው ብቀር ንፉግነት ይሆንብኛል።

ከፍሬቻው ልጀምር። ለሌላው አሽከርካሪ ፍሬቻ ተራ መብራት ነው፤ ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲል የግራውን ያበራል፣ ታጥፎ ሲጨርስ ያጠፋል። እንዴት ያለ ደረቅ ንግግር ነው! የእኛ ሰው ግን የቅኔ አገር ልጅ ነው። ፍሬቻው ሰም ነው፤ ወርቁ የሚገኘው መሪው ሲጠመዘዝ ብቻ ነው። ሰሞኑን ከአያት ወደ መገናኛ ስመጣ አንድ ሊቅ ከፊቴ ገባ። የግራ ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ይላል። ሲኤምሲን አለፍን፤ ብልጭ ድርግም። ጉርድ ሾላ ደረስን፤ አሁንም ብልጭ ድርግም። በግራችን ያለው የቀላል ባቡሩ ሐዲድ ነው። «ይህ ሰው ባቡሩን ሊሳፈር ነው ወይስ ሐዲዱ እስኪነሳለት እየጠበቀ ነው?» እያልኩ ስጨነቅ፣ ድንገት ወደ ቀኝ እጥፍ ብሎ ማደያ ገባ። ፍሬን ያዝኩ፤ ከኋላዬ የነበረው ታክሲ ክላክሱን አምባረቀብኝ። ቅኔው ተዘርፎ አልቋል፤ እኔ ገና ሰሙን እያኘክሁ ነበር።

ሁለተኛው ጸጋው እንደ ሁኔታው መለዋወጡ ነው። ቀይ መብራት ሲይዘው እግረኛ ይሆንና ዜብራውን ከሕዝቡ ጋር ይሻገራል። የእግረኛ መንገድ ላይ ሲወጣ ደግሞ ተመልሶ ተሽከርካሪ ይሆናል፤ ልጅ ያዘለችውን እናት «ዞር በይ!» ብሎ ክላክስ ይነፋባታል። በኮሪደር ልማቱ ለብስክሌት የተለየውን መስመር ሲያገኝ ስፖርተኛ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው የዕለት እንጀራ ፈላጊ ምስኪን ነው። አራቱንም በአንድ ጉዞ፣ ከስታዲየም ሜክሲኮ ሳይደርስ ይሆናቸዋል። አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሻገረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመት ቢያልፍም ዜናው ያልደረሳቸው ወንድሞች አሉና፣ መንገድ በተጨናነቀ ቁጥር ፊት ለፊት እየመጡ በአያቶቻችን ሕግ ይነዳሉ። ለቅርስ ያላቸውን ክብር የሚነቅፍ የለም።

ሄልሜቱንም ላነሳ ግድ ነው። የዐረቢያው ሎሬንስ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1935 እ.ኤ.አ. በሞተር ሲጋልብ፣ ብስክሌት የሚነዱ ሁለት ልጆች ድንገት ፊቱ ሲገኙ እነሱን ለማዳን ብሎ ወደቀ፤ ራሱ ባዶ ነበርና ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት አንዱ የጭንቅላት ቀዶ ሐኪሙ ሂዩ ኬይርንስ ነበሩ። ነገሩ አላስተኛቸውምና የጦር ሠራዊቱን ሞተረኞች ጉዳት አጥንተው በ1941 እ.ኤ.አ. አሳተሙ፤ ሄልሜት ሕይወት እንደሚያተርፍም አሳዩ። ከእሳቸው በኋላ የመጡና ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ሊቃውንት ደግሞ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ጻፉ። መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ያጠኑት ራስን ብቻ ነው። ክርንን ማን አጠናው? የእኛ ሞተረኛ ይህን ክፍተት አይቶ ሄልሜቱን ክርኑ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታየው ብቻ ለወጉ ራሱ ላይ ጣል ያደርገዋል። አገራችን በዓለም ላይ በክርኗ ደኅንነት ቀዳሚ ብትሆን አይግረማችሁ።

ለስፖኪዮም ቢሆን የራሱ አስተያየት አለው። በሁለት መኪና መሀል ሾልኮ ለማለፍ ስለሚያግደው ወይ ነቅሎታል ወይ ወደ ውስጥ አጥፎታል። ለሰርግ ቀን ግን መልሶ ይገጥመዋል። ቅዳሜና እሑድ አጃቢዎቹን አይታችኋል? ቪዲዮ አንሺው ጀርባውን ለነጂው ሰጥቶ ከኋላ ይቀመጥና ካሜራውን በሙሽሮቹ መኪና ላይ ይደግናል። ነጂው በስፖኪዮው ሙሽራዋን ያያል፤ ሙሽራዋ ፈገግ ስትል ቀስ ይላል፣ መኪናው ሲፈጥን ይፈተለካል፣ አደባባይ ሲደርስ ሁለት ዙር ይዞራል። ከፊት ምን እንዳለ የሚያይ ከሁለቱ አንድም የለም። እኛ ሌሎቹ ባለሞተሮች በዚያ ሰዓት ያለን ምርጫ እልል ማለት ወይም ጥግ መያዝ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ከተማዋ ሞተርን ስታግድ ሁላችንም ጮኸን ነበር። በሞተር የሚዘርፉ ጥቂቶች ናቸው፣ በጥቂቶች ጥፋት ስንቱ እንጀራውን ያጣል ብለን ተሟገትን። ሙግቱ እውነት ነበር። ፈቃድ እየያዝን ቀስ በቀስ ተመለስን። ዛሬ ታዲያ ያ «ለምን በጅምላ ትፈርጁናላችሁ?» ያለው ሰው፣ የትእዛዝ ምግብ ከኋላው ጭኖ፣ ስልኩን በሄልሜቱና በጆሮው መሀል ሸጉጦ፣ በተከለከለ መንገድ ሽቅብ ይጋልባል። እያንዳንዱን መንገደኛ በነፍስ ወከፍ እያሳመነ ነው፤ ቀጣዩ እገዳ ሲመጣ ለከተማዋ ምስክር እንዳይጠፋት።

ይህ ሁሉ ተሰጥኦ ለሌለን፣ «ፈሪ ለእናቱ» ለምንባል ሰዎች የቀረን መላ የሚያሳፍር ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ፍሬን ልያዝ ብሎ እስኪያስብ ማለት ነው። ስለዚህ ባለቅኔው ያለፈው የመብራት ምሰሶ ጋ እስክንደርስ ቢያንስ ሁለት ሴኮንድ እንቆጥራለን፤ ዝናብ ከሆነ እጥፉን። ፍሬቻውን አናምንም፤ ሲበራም ሲጠፋም። የምናየው የፊት ጎማውንና ትከሻውን ነው፤ ጭንቅላቱ የዞረበት ወገን ሞተሩም አብዛኛውን ጊዜ ይከተላልና። ልክ ከኋላው አንሄድም፤ ድንገት ቢቆም ማምለጫ እንዲኖረን ወደ አንድ ጎን ፈንጠር እንላለን። ወሬው ቢጣፍጥም ጎን ለጎን አንነዳም። ሊቀድመን የተጣደፈውን እናሳልፈዋለን፤ ሊቅ ከፊት ሲሆን ቢያንስ ይታያል። ልንቆም ስንል ደግሞ የፍሬን መብራታችንን ሁለት ሦስቴ ብልጭ አድርገን ምሥጢራችንን ለሕዝብ እናወጣለን። ምንም ቅኔ የለውም፤ ተራ ስድ ንባብ ነው።

በቅኔ ቤት ወርቁ የተሰወረባቸው ተማሪዎች ከመምህራቸው እግር ሥር ተቀምጠው ይፈቱታል። የመንገዱን ቅኔ የሚፈታው ጉባኤ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ትራፊክ ፖሊሱ ሜትር ይዘረጋል፤ ከዚያ የአቤት ሆስፒታል አጥንት ሐኪም ፊልሙን ወደ ብርሃን አንስቶ ያነበዋል፤ በመጨረሻም የሦስተኛ ወገን መድን ሠራተኛው ፋይሉን ያገላብጣል። ሦስቱም ወርቁን ሳይሳሳቱ ያገኙታል፤ «ይበል!» የሚል ግን አንድም የለም። የሚከፋው ደግሞ ከአልጋው ላይ ተጋድሞ የሚገኘው ሁልጊዜ ቅኔ ዘራፊው አለመሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ ሰሙን አምኖ ከኋላ የመጣው ነው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ተሰጥኦህን ማንም አልካደም። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ግን የቀኙን አብራ፤ ስትጨርስ አጥፋው። ከበደህ ደግሞ ግድ የለም፣ ሂድ፣ ቅደም። እኔ ሁለት ሴኮንድ ወደ ኋላ ቀርቼ እየቆጠርኩ እመጣለሁ፤ ፈሪ በለኝ።