ዓይኑ ዐ በአዲ አርቃይ

ከደባርቅ ሊማሊሞን ቁልቁል ሲወርዱ ጆሮ ይደፈናል፤ አዲ አርቃይ ሲደርሱ ይከፈታል። የሚከፍተው ዓይኑ ዐ ነው። አማርኛ ፊደሉን ይዞ ድምፁን ከጣለ ብዙ ዘመኑ ነው፤ «ዓለም» በየትኛው ይጻፍ ብለን ግን እስከ ዛሬ እንጣላለን። እዚህ አማርኛውንም ትግርኛውንም የሚያቀላጥፉ እናት ገበያ መሀል «ዓዲ» ሲሉ (አገር፣ መንደር ማለታቸው ነው፤ የከተማዋ ስምም ከዚያው ነው) ድምፁ ከጉሮሮ ሥር ይወጣል። ፊደል አዋቂው መንገደኛ ሳቁን እየደበቀ፣ «ምነው፣ አነቃቸው እንዴ?» ይላል። «ዓይን»ን በአልፋው አ ጻፍህ ብሎ ልጁን ሲቆጣ የሰነበተው እሱው ነው እኮ! እናቲቱ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሐመሩን ሐ ከሃሌታው ሀ ግን በጆሯቸው ይለያሉ። እሱ የሚለየው መነጽሩን ሲያደርግ ነው።