ጠያቂ የማያፈራ የጥያቄ ትምህርት

መጠይቃዊ ተውላጠ ስም የሚባለው ጠያቂው የማያውቀውን ሰው፣ ነገር ወይም ባለንብረት ስም ተክቶ የሚገባ ቃል ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ «ሁ»፣ «ሁም»፣ «ሁዝ»፣ «ዊች» እና «ዋት» የሚባሉት አምስቱ በዚህ ሥር ይመደባሉ። በደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላምም ሆነ በአጎራባቾቹ በወግዲ፣ በከላላና በሳይንት 7ኛና 8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር፣ ተማሪዎቹ እነዚህን ቃላት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው እንዲወጧቸው፣ ነገር ግን በዕድሜያቸው ማንንም ሰው አንዳች ነገር እንዳይጠይቁባቸው ከፈለገ፣ እንዲህ ያለው ውጤት በአጋጣሚ የሚገኝ ስላልሆነ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አንሥቶ መጠንቀቅ ይኖርበታል።

ጥንቃቄው ከስያሜ ይጀምራል። «ዌር»፣ «ዌን» እና «ዋይ» ቦታን፣ ጊዜንና ምክንያትን የሚጠይቁ ተውሳከ ግሶች እንጂ ተውላጠ ስሞች አለመሆናቸው ቢታወቅም፣ ሁሉንም «ደብሊው ኤች ኩዌስችን» በሚል አንድ ርዕስ ጠቅልሎ፣ በጥቁር ሰሌዳው ግራ ቃሉን፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺውን በሰንጠረዥ አስፍሮ ማስገልበጥ እጅግ ይመከራል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ በሆነበትና በአንድ ዴስክ አራትና አምስት ተማሪ ተጨናንቆ በሚጽፍበት ክፍል፣ ከኋላ የተቀመጡት የሰሌዳው ጽሑፍ እስኪታያቸው፣ ማስመሪያም ከእጅ ወደ እጅ እስኪዞር ድረስ ደወሉ ስለሚደወል፣ መምህሩ አንድም ጥያቄ ሳይጠየቅ የዕለቱን ዕቅድ ፈጸመ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ትልቁ አደጋ አማርኛ ነው። ተማሪው ከእናቱ ቤት ይዞት የመጣው ቋንቋ ጠያቂውን ቃል በሙያው እየለየ ያረባል፤ ድርጊቱን የሚፈጽመው ሲጠየቅ «ማን»፣ ድርጊቱ የሚያርፍበት ሲጠየቅ በተሳቢ አመልካቹ «ን» ተጨምሮ «ማንን»፣ ባለንብረቱ ሲጠየቅ ደግሞ በ«የ» ታግዞ «የማን» ይላል። «ሁ»፣ «ሁም» እና «ሁዝ» ከዚህ ጋር አንድ በአንድ የሚገጥሙ በመሆናቸው፣ የሦስት ሳምንት ትምህርት በሩብ ሰዓት እንዳያልቅ ይህን ዝምድና ከተማሪው መሰወር ያስፈልጋል። ለዚህም «በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ክልክል ነው» የሚለውን ሕግ መለጠፍ ይበቃል። በዕለት ተዕለት ንግግር እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው «ሁም»ን ትተው በአብዛኛው «ሁ» ስለሚሉ፣ ከሦስቱ ሳምንት ሁለቱን ለ«ሁም» መስጠትም አይከፋም። አማርኛው በእውነት የሚያሳስትበት ቦታ ላይ ሲደረስ ግን መምህሩ ዝም ማለት አለበት። አማርኛ ስምን የሚጠይቀው «ማን» ብሎ ነው፤ ልጁም «ስምህ ማን ነው?» የሚለውን ይዞ «ሁ ኢዝ ዩር ኔም?» ሲል፣ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ከመንገር ይልቅ «ዋት!» ብሎ መቆጣትና ወደሚቀጥለው ተማሪ ማለፍ ይሻላል።

«ዲድ» የሚባለው ረዳት ግስ የሚፈጥረው ውዥንብር የዚህ ስልት ዋና ሀብት ስለሆነ ሰፋ ያለ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። በዚያው አካባቢ ባለው በደንቆሮ ጫካ ዳር ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ «ጭላዳውን ማን አየው?» እና «ጭላዳው ማንን አየ?» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ በመጀመሪያው ያየው ሰው ነው፣ በሁለተኛው ያየው ጭላዳው ነው። እንግሊዝኛ ግን በስም ላይ የሚጨመር እንደ «ን» ያለ የተሳቢ አመልካች ስለሌለው ልዩነቱን የሚያሳየው በቃላት ቅደም ተከተልና በ«ዲድ» ነው። «ሁ ሶው ዘ ጌላዳ?» ሲባል የሚጠየቀው ባለቤቱ በመሆኑ «ዲድ» አይገባም፤ «ሁ ዲድ ዘ ጌላዳ ሲ?» ሲባል የሚጠየቀው ተሳቢው በመሆኑ ጠያቂው ቃል ከግሱ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ፊት ይመጣል፣ «ዲድ»ም ይከተለዋል። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ጽፎ አንዱን ልጅ ጭላዳ፣ ሌላውን እረኛ አድርጎ ያቆመ መምህር ነገሩን ስለሚገልጠው፣ ይህ በፍጹም መደረግ የለበትም። ይልቁንም «ኃላፊ ጊዜ ላይ ጥያቄ ሁሉ ዲድ ይፈልጋል» የሚል አጭር ደንብ አስጽፎ፣ ተማሪው በደንቡ መሠረት «ሁ ዲድ ሶው ዘ ጌላዳ?» ብሎ ሲመጣ በቀይ ቢክ ማስመር ይቻላል።

«ዊች» እና «ዋት»ን በተመለከተ አካባቢው ራሱ ለመምህሩ ዓላማ እንቅፋት ነው። «ዊች» ከታወቁ ጥቂት ነገሮች መካከል አንዱን ለይቶ ሲጠይቅ፣ «ዋት» ወሰን ለሌለው ጥያቄ ይውላል። መካነ ሰላም የምትገኝበት ወረዳ ቦረና ይባላል፤ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በኦሮሚያ ክልል፣ ሌላ ሰፊ ቦረና አለ። ስለዚህ ከዚህ ወረዳ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው አገሩን ሲናገር «የትኛው ቦረና?» መባሉ አይቀርም፣ ምርጫው ሁለት ብቻ ሆኖ ሳለ «ምን ቦረና?» የሚለው ግን አያጋጥመውም። «ዊች ኢዝ ዩር ቦረና?» የሚለው ምሳሌ አንዴ ከተጻፈ ትርጉሙ ስለማይረሳ፣ ተማሪው አይቶት በማያውቀው የለንደን አውቶቡስና በቀለሙ ላይ የተመሠረተ ምሳሌ ቢመረጥ ይሻላል።

ለንደን ከተነሣ ዘንድ «ሁዝ» የበለጠ ጥንቃቄ ያሻዋል። ቃሉ ከ«ሁ ኢዝ» አጭር አጻጻፍ ጋር በድምፅ አንድ፣ በፊደል ሁለት በመሆኑ ማደናገሩን በራሱ ይወጣዋል። ችግሩ ምሳሌው ላይ ነው። እዚያው በደቡብ ወሎ፣ መቅደላ ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የጄኔራል ናፒየር ጦር ብዙ ቅርስ ዘርፎ ሄዷል፤ ከተወሰደው መካከል አንድ የወርቅ ዘውድ በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ሙዚየሙ በ2010 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱትን ቅርሶች በረዥም ጊዜ ውሰት ለኢትዮጵያ ለመስጠት ሐሳብ አቅርቦ ነበር (ዘራፊ ለባለንብረቱ ማዋሱ በሰዋስው መጻሕፍት ገና ያልተመደበ አገባብ ነው)። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የብሪታንያ ብሔራዊ የጦር ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱን ጉንጉን ፀጉር መልሷል። እንግዲህ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «ሁዝ ኢዝ ዚስ ክራውን?» ብሎ መጠየቅ ቢለምድ ነገሩ ከክፍሉ ስለሚወጣ፣ ምሳሌው «ሁዝ ኢዝ ዚስ ፔን? ኢት ኢዝ ማይን» ከሚለው እንዳያልፍ ይሁን።

በመንደሩ ያለው የመጠየቅ ልማድም ወደ ክፍል እንዳይገባ በሩ መጠበቅ አለበት። ልጆች ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው «እንቆቅልሽ» ሲባባሉ፣ «ምን አውቅልህ» ያለው ልጅ መልሱ ሲጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እሱም ደሴን ሰጥቶ ደሴ ካልተወደደች ጎንደርን ይጨምራል። በዚህ ጨዋታ የበላይነቱ የጠያቂው ነው። ቀድሞ ሌባ ለማውጣት ሕዝቡ ተሰብስቦ ይቀመጥበት የነበረው አውጫጭኝም «ማን ወሰደው? ማን አየ? የማን ነው?» በሚሉ ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነበር። አንዲት የጠፋች ላጲስ ምክንያት ሆና እንዲህ ያለ አውጫጭኝ በእንግሊዝኛ ቢደረግ ስድሳ ተማሪ ባንድ ጊዜ «ሁ» ማለት ስለሚጀምር፣ ጎረቤት ክፍል የሚያስተምረው የሒሳብ መምህር መማረሩ አይቀርም።

ፈተናው የምርጫ ስለሆነ ነገሩን ያቀለዋል። ከባዶው ቦታ ቀጥሎ ስም ካለ «ሁዝ»፣ የሰው ስም መልስ ሆኖ ከመጣ «ሁ»፣ ካልታወቀ «ሐ» የሚለውን ዘዴ ያጠና ተማሪ አንድ ጥያቄ ሳይሠራ በጥያቄ ትምህርት ጥሩ ውጤት ያመጣል። የሚያሰጋው ሱፐርቫይዘሩ ለምልከታ የሚመጣበት ቀን ብቻ ነው። ለዚያ ቀን ሁለት ጎበዝ ተማሪዎችን ከፊት አስቀምጦ፣ አንዱ የሚጠይቀውን ሌላው የሚመልሰውን ከዋዜማው አስጠንቶ መጠበቅ የተለመደና የተፈተነ መንገድ ነው። እንግዳው ግን ከተራው ወጥቶ ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ «ዋት ዱ ዩ ዎንት ቱ አስክ ሚ?» ያለው እንደ ሆነ፣ መምህሩ ልጁ አፉን ሳይከፍት ጥያቄውን ወደ አማርኛ መመለስ፣ ቀጥሎም «ምንም ጥያቄ የለውም፣ ገብቶታል» ብሎ ራሱ መመለስ ይኖርበታል።