ስለ ታወር አተካከልና ከነዋሪው ጋር ስለሚደረግ ምክክር የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ሰፈር፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ፣ ኔትወርክ ያለህ ለሌለው አሰማ!

እኛ ከፍ ብለን ቆመን ዝቅ ብለን የማናይ የሞባይል ታወር ተካዮች፤

ነዋሪው ቀን «ኔትወርክ የለም» እያለ ሲያማርር ውሎ ማታ «ታወሩን ከጓሮዬ ንቀሉልኝ» የሚል መሆኑን ስለተገነዘብን፤

በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ኦፕሬተር ገበያው ውስጥ ከገባ ወዲህ ታወር እየበዛ ስለሄደ፤

ከሕዝብ ጋር መመካከር ተገቢ መሆኑን ብናምንም፣ ምክክሩ ሥራ እንዳያጓትት ሥራው ካለቀ በኋላ ቢሆን የተሻለ ሆኖ ስላገኘነው፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

«ነዋሪ» ማለት ጣራውን ለታወር ያከራየው ባለፎቅ ነው፤ እሱ ሌላ ክፍለ ከተማ ቢኖርም ነዋሪነቱ አይነካም። «ማሳወቅ» ማለት ቆፋሪዎች ሲመጡ የሰፈር ውሾች መጮሃቸው ነው።

አንቀጽ 2፦ ስለ ቦታ አመራረጥ

ኢንጂነሩ ካርታ ላይ ባሰመረው ክብ ውስጥ ሦስት አማራጭ ቢገኝ፣ አንዱ ከትምህርት ቤት ራቅ ያለ ባዶ መሬት፣ ሌላው ቀድሞ የቆመ የሌላ ኩባንያ ታወር፣ ሦስተኛው ኪራዩ ረከስ ያለ ጣራ ቢሆን፣ የሚመረጠው ሦስተኛው ነው። ሁለት ኩባንያ አንቴናውን በአንድ ታወር ላይ ቢሰቅል ብረቱም፣ መሬቱም፣ ናፍጣውም እንደሚተርፍ አጥተነው አይደለም። ሁለት ታወር ፊት ለፊት ሲገተር ግን ለሰፈሩ ግርማ ሞገስ ይሰጣል።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2000 በሰር ዊልያም ስቴዋርት የተመራው የባለሙያዎች ቡድን፣ የአንቴናው ዋና ጨረር ትምህርት ቤቱና ወላጆች ሳይስማሙ ተማሪ ቤት ግቢ ላይ እንዳያርፍ መክሯል። በዓመቱ የዚያው አገር የሞባይል ኩባንያዎች ከማኅበረሰቡ ጋር መመካከርን ጨምሮ አሥር ቃል ገብተዋል። አሥር በዛ። እኛ አንድ ቃል እንገባለን፤ ምን እንደሆነ ወደፊት እናሳውቃለን።

አንቀጽ 3፦ ስለ ስብሰባ

ስብሰባው በወረዳው አዳራሽ ለ2፡30 ተጠርቶ 4 ሰዓት ላይ ይጀመራል። በሩ ላይ አንድ ልጅ የስም መመዝገቢያ ይዞ ይቀመጥና «እማማ፣ ለውኃው ነው፤ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ይላል። ውኃ የወሰደ ሁሉ ፈርሟል፤ የፈረመ ሁሉ ተስማምቷል። ወረቀቱ ከራስጌው አራት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ይተውለታል። «እኛ ከዚህ በታች የፈረምነው ነዋሪዎች በታወሩ መተከል ደስተኞች ነን» የሚለው ማታ ቢሮ ውስጥ በሌላ ቀለም ይሞላል።

አንዲት እናት ተነሥተው «ልጄ፣ እኔ ስለ ጨረሩ አላውቅም። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተራችሁ መኝታ ቤቴ መስኮት ሥር እስኪነጋ ያጓራል። እሱን ማን ያነሣልኛል?» ቢሉ፣ ሰብሳቢው «ጥያቄዎ ገንቢ ነው፤ ይዘነዋል» ብሎ ስለ ዲጂታል ዘመን ሃያ ደቂቃ ያብራራል። ደግመው እጃቸውን ቢያወጡ፣ ዕድሉ ላልተናገሩ ይሰጣል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ጨረር

ስለ ጨረር ለሚጠይቅ ሁሉ መልሱ «ምንም የለውም» ነው። ከዚህ አልፎ ማብራራት የተከለከለ ነው።

(የአርቃቂው ማስታወሻ፤ ሳይሰረዝ ከደረሳችሁ። እኔን የሚያበግነኝ እውነቱ የሚያስፈራ አለመሆኑ ነው። አንቴናው የሚልከው ወደ ጎን ስለሆነ ዋናው ጨረር ከሥሩ ያለውን ቤት አልፎት ይሄዳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆንም ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ታወሩ ሲርቅ ደግሞ ጆሯችን ላይ የለጠፍነው ስልክ እሱን ለመድረስ የራሱን ጉልበት ይጨምራል። ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን ለ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ለሕዝብ ያስቀመጠው ወሰን በካሬ ሜትር 4.5 ዋት ነው፤ ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» በሚባለው 2ቢ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። እውነት ነው። ግን ቡናም እስከ እ.ኤ.አ. 2016 እዚያው ምድብ ውስጥ ነበረች። በዚያው ዓመት እሷ ስትወጣ፣ ከ65 ዲግሪ በላይ እየፋጀ የሚጠጣ ነገር ሁሉ ከ2ቢ ከፍ ባለው ምድብ ገባ። እንግዲህ ታወሩን ለማማት አቦሉን እየማገ የተሰበሰበው ጎረቤት ስኒውንም ጠርጠር ያድርግ። ይህን አንድ ገጽ ላይ ጽፎ፣ ግቢው ዙሪያ የተለካውን ቁጥር አጥሩ ላይ ለመለጠፍ የሚያስፈልገው ወረቀትና ማጣበቂያ ነው። እሱን ስለነፈግን፣ በሰፈሩ እንቁላል መጣል ያቆመች ዶሮ ሁሉ ሰበቧ ታወሩ ሆነ።)

አንቀጽ 5፦ ስለ ቅሬታ

ቅሬታ ያለው በነፃ የስልክ መስመር ይደውላል። «እባክዎ ቆየት ብለው ይደውሉ» የሚለው ድምፅ እንደ ሙሉ ምላሽ ይቆጠራል። በአካል መምጣት የፈለገ ከግቢው ዘበኛ ጋር ይነጋገር፤ ዘበኛው የቀጣሪውን ስልክ አያውቅም።

አንቀጽ 6፦ ስለ ቅጣት

አጥሩ ላይ ልብስ ያሰጣ ይቀጣል።

አንቀጽ 7፦ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ብረቱ ከቆመበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ታወሩ ይተከል ወይስ አይተከል በሚለው ላይ ነዋሪው የሚመክርበት ቀን፣ ቀለሙ እንደደረቀ ይገለጻል።