ቅቤ የቀመሰ ሞተር

ጋሼ በዚህ ዓለም ላይ ከልባቸው የሚንቁት ነገር ሁለት ነው፤ ማኪያቶና ካንዴላ። ማኪያቶን ለምን እንደሚንቁ ገልጸው አያውቁም። የካንዴላን ግን ሳይጠየቁም ያስረዳሉ። አሰብ ወደባችን በነበረበት ዘመን፣ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ መሆኑ ነው፣ ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢው እየነዱ ሚሌን፣ ሰርዶንና ዲቾቶን ሲመላለሱበት የኖሩ ሰው ናቸው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ እሳት የሚለኩስለት ካንዴላ አያውቅም። አየሩን ጨምቆ ጨምቆ ያግለዋል፤ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ጊዜ ይቀጣጠላል። «ለመንደድ ክብሪት የሚለምን ሞተር፣ እሱም ሞተር ተብሎ!» ይላሉ ጋሼ።

እንግዲህ እኚሁ ሰው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ የገዟት ፒካፕ የቤንዚን ናት፤ ስምንት ሲሊንደር፣ ስምንት ካንዴላ። ለምን ገዟት ቢባል ዋጋዋ ወረደላቸው፣ ባለቤታቸው እትዬም ቀለሟን ወደዱት። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም። ያላችሁ ታውቋታላችሁ፤ የሌላችሁ ተመስገን በሉ።

ወደ ላስ ቬጋስ ነበር የምንሄደው። የእትዬ የእኅታቸው ልጅ እሑድ ልትዳር ነው። ቬጋስ ሐበሻ የሞላበት ከተማ ነው፤ እንጀራውም በርበሬውም እዚያው ይገኛል። እትዬ ግን «የሰው አገር ቅቤ ዶሮ ያበላሻል» ብለው በገዛ እጃቸው ያነጠሩትን ቅቤ በበረዶ ሣጥን፣ ድፎ ዳቦውን በነጠላ፣ ጀበናና ረከቦቱን በብርድ ልብስ አስጠቅልለው አስጫኑ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወጣን።

70 ቁጥር የሚባለው አውራ ጎዳና ከዴንቨር እንደወጣ ተራራውን ይያያዘዋል። ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ የአይዘንሃወር ዋሻ አለ፤ በ1973 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ 2.7 ኪሎ ሜትር የሚረዝም። ጋሼ ከአፉ እስከ መውጫው በትዝብት ሲመለከቱት ቆዩና፣ «መብራቱን አብዝተውታል። ጣርማ በር ይሻላል» አሉ። የጣርማ በር ዋሻ 600 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ግን በሰው መኪና ተሳፍሮ ከባለቤቱ ጋር መሟገት ደግ አይደለም።

ዩታ ከገቡ በኋላ ግሪን ሪቨር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከእርሷ እስከ ሳሊና ድረስ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ማደያ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ቤት የለም። አሜሪካ በዘረጋችው የኢንተርስቴት መረብ ውስጥ አገልግሎት ሳይገኝበት ይህን ያህል የሚረዝም ሌላ መንገድ የለም፤ ይህንንም የሚያስጠነቅቅ ምልክት ተተክሏል። ምልክቱን አንብቤ ስተረጉምላቸው ጋሼ ሳቁ። «እኛ ሰርዶ ላይ ማን ምልክት ተከለልን?»

የሳን ራፋኤልን ቀይ ገደል በሰላም አለፍን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሳሊና ሊደረስ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር፣ የመጨረሻውን ዳገት ተያያዝነው። ጋሼ ነዳጁን ረገጡት። ያን ጊዜ «ጧ!» አለ። ቀጥሎም ከኮፈኑ ሥር «ጠሽ! ጠሽ! ጠሽ!» የሚል የማያቋርጥ ተኩስ። እትዬ «ተተኮሰብን!» ብለው ጮኹና የበረዶ ሣጥኑን አቀፉ። ባላቸውን አይደለም፤ ሣጥኑን።

ዳር ይዘን ኮፈኑን ከፈትን። በቀኝ በኩል መጨረሻ ላይ፣ ከፊት መስተዋቱ ሥር የተወሸቀው አራተኛው ካንዴላ ቦታው ላይ የለም። ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ኮይል አንገቱን ሰብሮ ተፈንጥሮ ወጥቷል። ፈልገን ከቧንቧዎቹ መሐል ስናገኘው ጥርሱ ላይ ብር የመሰለ ቀጭን ክር ተጠምጥሞበታል። ክሩ የሞተሩ ክዳን፣ የቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ቀዳዳውን ገፎ ይዞት ወጥቷል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ጥፋቱ ያለው እዚህ ነውና። ካንዴላው የሚገባበት ቀዳዳ ስፋቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ጥርስና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር። በዚህ ሞተር ላይ ፋብሪካው ያወጣው ጥርስ አራት ያህል ብቻ ነው፤ ካንዴላውን ከነሕይወቱ ይዞ የሚያቆየው 5 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ነው ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር አንዱ ሲሊንደር በሴኮንድ 25 ጊዜ ይተኩሳል። ዳገት ላይ ነዳጁ ሲረገጥ እያንዳንዱ ተኩስ ያችን ጠባብ ካንዴላ ወደ አንድ ኩንታል በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይገፋታል። ካንዴላዋ ብረት፣ አሉሚኒየሙ ለስላሳ። አራት ጥርስ የቀረው ሽማግሌ ጎድን ጋጥ እንደማለት ነው። ኋላ በወጡት ሞተሮች ላይ ጥርሱ ተጨምሯል፤ መጨመሩ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ።

ይህም ሆኖ ቀዳዳው በደንብ ከተያዘ ብዙ ዘመን ይኖራል። የእኛን የጨረሰው ከጉዞው በፊት ካንዴላዎቹን የቀየረው ጎረምሳ ነው። ከመንገድ የገባችን መኪና ሞተሯ ሳይበርድ ፈታ፤ የጋለ አሉሚኒየም ደግሞ በቀላሉ ይገፈፋል። አዲሶቹን ሲያስገባም የእጁን ጡንቻ ተማምኖ ነው እንጂ ልክ የሚቆጥር ቁልፍ አልያዘም። ጋሼ አጠገቡ ቆመው «በርታ! አጥብቀው!» ይሉት እንደነበር እትዬ እዚያው ዳገት ላይ አስታወሱ። ጋሼ አልሰሙም።

ስልካችን ኔትወርክ የለውም። ጋሼ እንጨት ጠርበን ቀዳዳውን እንወትፈው አሉ። በሴኮንድ 25 ጊዜ አንድ ኩንታል የሚመታውን ቀዳዳ በእንጨት! ደግነቱ በአካባቢው የሚጠረብ እንጨት አልነበረም። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው፤ ሲሊንደሩ ክፍት ቢሆንም ቤንዚኑ መረጨቱን አያቆምም፤ በቀዳዳው ወጥቶ የጋለ ሞተር ላይ ቢያርፍ ሠርጉን ትተን ለቀብር እንሰናዳለን። ስለዚህ ቤንዚን የሚረጨውን የዚያን ሲሊንደር ኢንጀክተር ሽቦ ነቀልን፤ የኮይሉንም ነቅለን አሰርን። ከዚያ በኋላ ቀዳዳው አየር እየሳበ አየር ከመትፋት በቀር የሚሠራው የለም። በቀሩት ሰባት ሲሊንደሮች ቀስ እያልን ዳገቱን ጨረስነውና በሳሊና ሸለቆ ቁልቁል ወረድን። ሳሊና እየተኮስን ገባን ብል ውሸት አይደለም፤ የከተማዋ ሰው በየመስኮቱ ብቅ ብሎ አየን።

እሑድ ጠዋት ሁለት ነገር ተረዳን። አንደኛ፣ በዩታ ትንንሽ ከተሞች የሞርሞን እምነት ተከታይ ስለሚበዛ እሑድ ከተማው ሁሉ ዝግ ነው። ሁለተኛ፣ ያደርንበት ሞቴል ባለቤት የሚያውቀው አንድ መካኒክ አለ፤ ግን እሱም ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሰውየው እኩለ ቀን ላይ በክራቫት መጣ። በሰንበት መሥራቱን እያመነታ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ጉድጓድ የገባ በሬ በሰንበትም ቢሆን ይወጣል የሚለውን የወንጌል ቃል ጠቅሶ ክራቫቱን ፈታ። ይህን ስተረጉምላቸው እትዬ ልባቸው ተነካ። «የእግዚአብሔር ሰው ነው» ብለው እዚያው የሞቴሉ ግቢ ውስጥ ረከቦቱን ዘረጉ፤ ቡናው ተቆላ፣ ጢሱ እስከ መንገዱ ደረሰ። ሲኒውን ሲያቀርቡለት ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነና አልጠጣም አለ። ሃይማኖታቸው ቡና ይከለክላል። እትዬ ሲኒውን እንደያዙ ቀሩ። «ሰንበትን የሚሽር፣ ቡናን የሚጾም! ምን ዓይነት ሃይማኖት ነው?» አሉኝ። ዳቦውን ግን በደንብ በላ።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ መንገድ ቴስታታውን አውርዶ መቀየር ነው፤ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር የሚፎካከር። ሌላው የሽቦ ጥምጥም ማስገባት ነው፤ ለተራ ብሎን ደህና ነው፣ ካንዴላ ላይ ግን በሚቀጥለው ሲፈታ ጥምጥሙ አብሮ ሊወጣ ይችላል። ሰውየው የመረጠው ሦስተኛውን ነው፤ ውስጡም ውጪውም ጥርስ ያለው ድፍን የብረት ቡሽ። ቀዳዳው ቴስታታው ሳይወርድ ይሰፋል፣ በማስክዮ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፣ ቡሹ ማጣበቂያ ተቀብቶ ይጠብቃል፣ ካንዴላው ቡሹ ውስጥ ይገባል።

ጭንቁ ፍቅፋቂው ነው። ቀዳዳው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ይወርዳል፤ አሉሚኒየሙ ሲፋቅ ብናኙ ሲሊንደር ውስጥ ከቀረ ግድግዳውን ይቧጭራል። ስለዚህ የማስክዮው ጥርስ ግራሶ ይቀባል፤ ብናኙ ግራሶው ላይ ይጣበቃል። ጥቂት ዙር፣ አውጥቶ መጥረግ፣ እንደገና መቀባት። ሰውየው ይህን ሁሉ ካስረዳን በኋላ የግራሶ ቆርቆሮውን ሲከፍተው ባዶ ነው። ሱቅ ዝግ። ጎረቤት ቤተ ክርስቲያን።

ሁላችንም ዝም ስንል እትዬ ተነሡ። የበረዶ ሣጥኑን ከፈቱ፣ እንደ ድንጋይ የረጋውን ቅቤ በማንኪያ ቆርሰው፣ «ይኼ አይሆነውም?» አሉ።

ሰውየው በጣቱ ነካው፤ ወፍራም ነው፣ ይይዛል። አሸተተው። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ አብሽ። ለረጅም ጊዜ አሸተተው። «ምንድን ነው?» አለ። «ለሙሽራ ዶሮ የተነጠረ ነው በለው» አሉ እትዬ፤ እኔም አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ማስክዮውን ቀባ።

እሠራለሁ ያለውን ሠራ። ማስክዮውን ባወጣው ቁጥር ቢጫው ቅቤ ላይ ብርማው ብናኝ ተሰክቶ ይወጣል፤ እትዬ እያንዳንዷን ማንኪያ በዓይናቸው እየቆጠሩ «ቀንስ በለው» ይላሉ። ጋሼ በበኩላቸው መቼም ለካንዴላ ያላሳዩትን አክብሮት አሳይተው ባትሪ መብራት ያዙለት። ሲያበቃ የቀረውን በቀጭን ቱቦ ሳበ፣ ካንዴላው ሳይገባ ሞተሩን በማስነሻው አዙሮ የተረፈውን አስተፋ፣ ቡሹን አሠረ። ማጣበቂያው ቅባት ያለበትን እንደማይዝ ነግሮን የቀዳዳውን ጥርስ ደጋግሞ አጥቧል፤ ይህን የምለው ነገ ቅቤ ይዞ የሚነሣ እንዳይኖር ነው። ካንዴላውን በጣቱ እስኪገባ ድረስ አዙሮ መጨረሻውን ልክ በሚቆጥር ቁልፍ ጨረሰ። ከአሮጌ መኪና የተፈታ ኮይልም ሰጠን። አሁን ያ ቀዳዳ ከሰባቱ ወንድሞቹ የበለጠ ጥርስ አለው፤ ጥርሱም ብረት ነው።

ሞተሩ ተነሣ። ስምንቱም ይሠራሉ። ከማርሚታው ግን ነጭ ጢስ ወጣ፤ ግቢውም በአንድ ጊዜ የገና ዕለት የሚሸትተውን ሸተተ። የሞቴሉ ውሻ መጥቶ ማርሚታው ሥር ተቀመጠ፤ ስንሄድም ከኋላችን ተከተለን።

መንገድ ላይ ጋሼ ናፍጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር አሉ። እትዬ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ጓርኒሲዮን ተቃጥሎብህ ሚሌ ላይ ሱሪህን ሸጠህ የበላኸው በናፍጣ አልነበረም?» አሉ። እስከ ሲዳር ሲቲ ድረስ መኪና ውስጥ የተናገረ የለም።

ኔቫዳ ከዩታ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በዩታ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆኖ ሳለ ቬጋስ ስንገባ 12 ሰዓት ነው። ጥሪው ላይ የተጻፈው 11 ሰዓት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ወንበር የሚደረድሩ ልጆች ብቻ አገኘን፤ ሙሽሮቹ ገና ፎቶ ላይ ናቸው።

የቤንዚን መኪና ያላችሁ ወገኖች፣ ሞተሩ ሳይበርድ ካንዴላ አታስፈቱ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጣት አስገቡ፤ ቁልፍ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «በርታ፣ አጥብቀው» የሚል ዘመድ ካለም ማኪያቶ ጋብዙና አርቁት። እትዬ ዘንድ ቅቤ አለ፤ ለሞተር ግን ከእንግዲህ አልሰጥም ብለዋል።